የሌለችውን መናገሻ ለማየት

ወደ ሺአን የሚሄድ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለወታደሮቹ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰፊው አዳራሽ ውስጥ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተጋፍቶ የሸክላውን ሠራዊት ፎቶ ያነሣል፤ ማታ ተመልሶ ሻንጣውን ይሸክፋል። የጥንቷን ቻይና አየሁ ብሎም ይሄዳል። ያየው ግን የመቃብር ዘበኞችን ነው። ጌታቸውንም፣ ከተማዋንም አላየም።

አይፈረድበትም። በ1974 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች የሸክላ ስብርባሪ ባያገኙ ኖሮ እነዚህ ወታደሮች ዛሬም ከነመሣሪያቸው ከአፈር ሥር ነበሩ። ስለ መቃብሩ በዝርዝር የጻፈው የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን እንኳ ስለ ሸክላ ሠራዊት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቁጥራቸው 8 ሺህ ገደማ ይገመታል፤ ብዙዎቹ ገና አልወጡም።

ከጉድጓዶቹ በስተ ምዕራብ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ ዛፍ የለበሰ ጉብታ አለ። ፎቶ ላይ አያምርም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው አይቆምበትም። ከሥሩ የተኛው ግን ቺን ሺ ኋንግ ነው። ተቀናቃኝ መንግሥታትን ተራ በተራ ውጦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቻይናን ከአንድ ዙፋን ሥር ያዋለ፣ ፊደሉንና ሚዛኑን፣ የጋሪውን ጎማ ስፋት ሳይቀር አንድ ያደረገ ንጉሠ ነገሥት። ሲማ ቺየን እንደሚለው በመቃብሩ ውስጥ ወንዞችና ባሕር በሜርኩሪ ተሠርተዋል። በዘመናችን የተመረመረው የጉብታ አፈርም ከወትሮው የበዛ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል። ይህ ሁሉ እያጓጓ ዋናውን መቃብር እስካሁን የከፈተው የለም። ወታደሮቹ ከአፈር ሲወጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም ነበራቸው፤ አየር ሲነካቸው ቀለሙ የተቀባበት ልባጭ በደቂቃዎች ውስጥ ደርቆ እየተቀረፈ ረገፈ። ዛሬ ሁሉም አመድማ መስለው የሚታዩት ለዚህ ነው። ቻይናውያኑ ከዚያ ጥፋት ተምረው ጉብታውን ትተውታል፤ ሺአን ካላት ሁሉ አብልጦ የሚደነቀውም ይኸው መታገሣቸው ነው።

ሺአን ገናና የሆነችው ታዲያ በቺን ሺ ኋንግ ዘመን አይደለም። የእርሱ መናገሻ ሽያንያንግ ከዌይ ወንዝ ማዶ ነበረች። ስሟ «የረጅም ዘመን ሰላም» ማለት የሆነውን ቻንግአንን፣ የዛሬዋን ሺአንን፣ የቆረቆሩት የሃን ነገሥታት ናቸው። ታላቋን ቻንግአን ደግሞ በ582 የሱይ ንጉሠ ነገሥት አስጀመራት፤ በ618 የተነሡት ታንጎች ወረሷት።

ያቺ ከተማ 84 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ያረፈች፣ በገመድ እንደተለካ የጓሮ መደብ የተሸነሸነች ነበረች። ከመቶ በላይ ሰፈሮች ነበሯት፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ አጥርና በር ነበረው። ሲመሽ ከበሮ ይመታል፣ በሮቹ ይጠረቀማሉ፣ ከዚያ በኋላ ሰዓት እላፊ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ወደ ደቡብ የሚወርደው አውራ ጎዳና ስፋቱ 150 ሜትር ያህል ነበር፤ የእግር ኳስ ሜዳ በቁመቱ ቢጋደምበት መንገድ ይተርፋል። ነዋሪዋ አንድ ሚሊዮን ገደማ ይገመታል። በምዕራቡ ገበያ ከመካከለኛው እስያ የመጡ ነጋዴዎች ይሸጡ ይለውጡ ነበር። ጃፓኖች ናራንና ኪዮቶን ሲቆረቁሩ የተከተሉት የእሷን ንድፍ ነው።

ከዚያችስ ምን ቀረ? ጎብኚው ብስክሌት ተከራይቶ የሚዞርበትን፣ ዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ግንብ «ይኸው» ይላል። አይደለም። ግንቡ በ1370ዎቹ በሚንግ ነገሥታት ዘመን የተሠራ ነው፤ የታንግን ከተማ ሲሶ እንኳ አይከብም። የታንግ ቻንግአን የጠፋችው በ904 ነው። ጁ ወን የተባለ የጦር አለቃ ንጉሠ ነገሥቱን አስገድዶ ወደ ልዎያንግ ሲወስድ ቤተ መንግሥቱንና የሕዝቡን ቤቶች አስፈርሶ እንጨቱን በዌይ ወንዝ አንሳፎ ላከው። ሌላው ከተማ በእሳት ወይም በጎርፍ ይጠፋል፤ ቻንግአን በወንዝ ተጭና ሄደች። ከሦስት ዓመት በኋላ የታንግ መንግሥትም አበቃ።

ይህን ያወቀ ሰው ማታ ማታ የዱር ዝይ ፓጎዳ በተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ማማ ግርጌ በመብራት የሚንቦገቦገውን የታንግ ጎዳና ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ጣሪያው አዲስ፣ ፋኖሱ አዲስ፣ የታንግ ልብስ ተከራይተው ፎቶ የሚነሡት ልጃገረዶችም የዛሬ ናቸው። ክፋት የለውም፤ ወጣቱ ይደሰታል፣ ነጋዴው ይጠቀማል። ቅር የሚያሰኘው መብራቱ እውነተኛውን ማጋረዱ ነው። ፓጎዳው ራሱ መነኩሴው ሽዋንዛንግ በ645 ከሕንድ ይዞ ላመጣቸው 657 መጻሕፍት ማኖሪያ በ652 የተሠራ፣ በኋላም በዚያው በታንግ ዘመን የታደሰ ነው። ከመቶ ሰው ስንቱ ቀና ብሎ ያየዋል?

ከተማዋን መስማት የሚሻ ሰው ወደ ቤይሊን ይሂድ። ስሙ «የሐውልት ደን» ማለት ነው፤ ከ1087 ጀምሮ የተጻፈባቸው ድንጋዮች የሚጠበቁበት ቦታ ነው። ገልባጭ እንዳይሳሳት ሲባል በ837 የኮንፊሽየስ ትምህርት መጻሕፍት የተቀረጹባቸው 114 ሰሌዳዎች እዚያው ቆመዋል። ከደኑ ድንጋዮች መካከል አናቱ ላይ መስቀል ያለበት አንድ ሐውልትም አለ። በ781 የቆመ ነው፤ ጽሑፉ ቻይንኛ፣ የካህናቱ ስም በሱርስት። አሎፔን የተባለ መነኩሴ በ635 ወንጌል ይዞ ቻንግአን እንደደረሰ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መጻሕፍቱን አስተርጉሞ እንዳስመረመረ፣ ትምህርቱንም እንደፈቀደ ይተርካል። የፍሬምናጦስንና የኢዛናን ታሪክ ሰምቶ ያደገ ኢትዮጵያዊ በዚህ ድንጋይ ፊት እንግድነት አይሰማውም። የተለየው ፍጻሜው ነው፦ በ845 የባዕድ ሃይማኖቶች ሲሳደዱ ያ ቤተ ክርስቲያን ተዳከመ፤ ሐውልቱም ተቀብሮ ቆይቶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተገኘ።

ከዚያ ወጥቶ የራበው በሙስሊሞቹ ሰፈር ያንግሮ ፓዎሞ ይዘዝ። ባዶ ሳሕንና ደረቅ ቂጣ ይሰጡታል፤ ቂጣውን ራሱ በጣቱ አድቅቆ ይፈረፍራል፣ ከዚያ ወስደው የበግ መረቅ ያፈሱበታል። ፍትፍት ነው፤ ሌላ ስም አያሻውም።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ሌላም ክር አለ። የቻንግአን ተወላጁ ዱ ኋን በ751 በታላስ ጦርነት በአረቦች ተማርኮ ዓመታት በምዕራብ ቆየ። ከጻፈው መጽሐፍ የተረፈው ቁራጭ ጥቁር ሕዝብ ስለሚኖርባት፣ ፈረሶቿ ደረቅ ዓሣ ስለሚቀለቡባት፣ ሞሊን ስለምትባል አገር ያወራል። አገሪቱ የኤርትራና የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢ ናት የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሌሎች አይቀበሉም። ክርክሩ ለባለሙያዎቹ ይቆይ። ዱ ኋን በ762 በመርከብ አገሩ ሲገባ የደረሰው ግን ጓንዡ ነው፤ ዛሬ የእኛ ነጋዴዎች ልብስና ጫማ ሊያመጡ የሚመላለሱባት ያቺው ጓንዡ። ከመርካቶ ተነሥቶ እዚያ የሚደርስ ሰው ዕቃውን ካስጫነ በኋላ ሁለት ቀን ቢያተርፍ ወደ ሺአን ይለፍ። በቼንግዱ በኩል ለሚሄድ ደግሞ ፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው።