«ሚቲንክስ» እና «ይመስለኛል»

ባለፈው ሰሞን በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ የሼክስፒርን «ሐምሌት» ስናነብ አንድ ቃል ላይ ደርሰን ቆምን። ቃሉ «ሚቲንክስ» የሚለው ነው። መምህራችን ትርጉሙን ቢጠይቁ አንድ ጓደኛችን ብድግ ብሎ «አይ ቲንክ ለማለት ነው፤ የጥንቶቹ ሰዎች ሰዋስው አበላሽተው ነው እንጂ» አለ፤ መልሱም ታለፈ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እኅታችን ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «ይመስለኛል ማለት አይደለም እንዴ?» ብትል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የተሳቀባት መልሱ ስሕተት ሆኖ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ በመናገሯ ነው። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ከዚያ ወዲያ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነገሩን ብመረምረው ልክ እሷ ሆና፣ የሳቅነው ሁላችን ተሳስተን አገኘሁት። ይህችን አጭር ጽሑፍ የማቀርበውም ያን ሳቅ ለመካስ ያህል ነው።

ቃሉን በዛሬው ሰዋስው ስንመለከተው ሁለት እንግዳ ነገሮች ይታዩበታል። «አይ» በሚገባበት ቦታ «ሚ» ገብቷል፤ ከ«አይ» ጋር የማይሄድ «ስ» ደግሞ ከግሱ መጨረሻ ተለጥፏል። ጓደኛችን ተበላሸ ያለው ስለዚህ ነው። ነገር ግን የተበላሸ ነገር የለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት ተቀራራቢ ግሶች ነበሩ፤ አንዱ «ቴንቻን» ማሰብ፣ ሌላው «ቲንቻን» መምሰል። በመካከለኛው ዘመን ድምፃቸው ተቀላቅሎ መልካቸው አንድ ሲሆን የማሰቡ ግስ ቤቱን ወረሰ፤ የመምሰሉ ግስ ግን ቀስ በቀስ ጠፍቶ በ«ሚቲንክስ» እና በኃላፊ ጊዜው በ«ሚቶት» ብቻ ተርፎ ቀረ። በጀርመንኛ ሁለቱ ግሶች ሳይቀላቀሉ ቆይተዋል፤ ማሰብ «ዴንከን»፣ መምሰል «ዱንከን» ነው፤ ምንም እንኳ ሁለተኛው ዛሬ ያረጀ ቃል ቢሆንም።

እንግዲህ «ሚ» ማለት «ለእኔ» ነው። «ስ» የሦስተኛ መደብ ምልክት ነው፤ የሚመስለው ነገሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁምና። አሁን ደግሞ የራሳችንን «ይመስለኛል» እንፍታው። «ይ» የሦስተኛ መደብ ምልክት፣ «መሰለ» ግሱ፣ «ኝ» ደግሞ «ለእኔ»። አንድ በአንድ ይገጥማል። የሎንዶን ተማሪ መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚማረውን ነገር የእኛ ሕፃን ከእናቱ አፍ ይሰማዋል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ታወሰኝ፣ ደስ አለኝ እንላለን፤ ትምህርቱም «ገባኝ» ወይም «ጠፋኝ» ይባላል። በነዚህ ሁሉ ሰውየው ነገሩ የሚደርስበት ነው እንጂ አድራጊው አይደለም። ጥንታዊው እንግሊዝኛም ረኃብንና ጥምን በዚሁ መንገድ ይናገር ነበር። ቾሰርም በ14ኛው መቶ ዓመት በካንተርበሪ ተረቶች መቅድም ላይ ይህንኑ የመምሰል ግስ ከ«ሚ» ጋር አጣምሮ ጽፎታል።

«ይህን ማወቅ ለፈተና ካልሆነ ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚጠቅመው ድርሰቱ እንዲገባን ነው። ሐምሌት ለወዳጁ ለሆራሽዮ አባቱን እንደሚያይ የሚነግረው በዚህ ግስ ነው። ሆራሽዮ የሟቹን ንጉሥ መንፈስ ሌሊት በዓይኑ አይቶ የመጣ ስለሆነ፣ ደንግጦ ወዴት እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ሐምሌት ግን በሐሳቡ የሚታየውን መናገሩ ነበር። «አያለሁ ብዬ አስባለሁ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ሆራሽዮ ምን ያስደነግጠዋል? ድንጋጤው የመጣው ግሱ አንድ ነገር ፊቱ እንደ ተገለጠለት ሰው ስለሚያናግረው ነው። በዚያው ተውኔት ንግሥቲቱ፣ ባሏ ቢሞት ሌላ እንደማታገባ የምትምል ሴት በመድረክ ላይ ስታይ መሐላው እንደ በዛባት ትናገራለች፤ እሷ ራሷ የባሏን ወንድም ካገባች ገና ብዙ አልቆየችም። «ሚቲንክስ»ን የምታስቀምጠው እንደ አማርኛችን ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ሰዎች አባባሉን ለቀልድ ሲጠቅሱት ቃሉን ወደ ፊት ያመጡታል፤ በዚህም ፍርዱን ከተናገረች በኋላ ለስለስ የምታደርግበት ያ ጅራት ይቀራል።

ኃላፊ ጊዜው «ሚቶት» ደግሞ የሕልም ግስ ነው። «የበጋ ሌሊት ሕልም» በተባለው ተውኔት የአህያ ራስ የወጣበት ሸማኔ ቦተም ከእንቅልፉ ሲነቃ ይህን ቃል ደጋግሞ ይጀምርና መጨረስ ያቅተዋል። በ1652 ዓይኖቹ ፈጽመው የጠፉት ሚልተንም ስለ ሟች ሚስቱ በጻፈውና በ1673 በታተመው ግጥም የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነው። ሚስቱ ፊቷን ተሸፍና በሕልሙ ትመጣለች፤ ልታቅፈው ስትል ይነቃል፤ ትጠፋለችም። ዕውር ሰው «አየሁ» አይልም፣ «አሰብሁ»ም አይልም፤ «መሰለኝ» ነው የሚለው። «አይ ቶት» ብሎ የሚተረጉም ሰው የግጥሙን ኀዘን ገና ከደጁ ላይ ይጥለዋል።

ይህን ሁሉ ያልሁት ግን ስለ እንግሊዞች ብቻ አይደለም። እነሱ «ይመስለኛል»ን አጥተው «አስባለሁ» ብቻ ቀራቸው። እኛ ደግሞ ያለንን በፈቃዳችን እየጣልን ነው። በራዲዮም፣ በስብሰባም፣ በዚህ በማኅበራችን ክርክር ጭምር «ስብሰባው ነገ ነው ብዬ አስባለሁ» ሲባል እንሰማለን። ይህ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ማሰብን ለሌላ ሥራ ይፈልገዋል፤ «አስቤበት እመለሳለሁ»፣ «ቤት ልሠራ አስባለሁ»፣ «እናት ልጇን ታስባለች» እንላለን። የስብሰባው ቀን ግን «ነገ ይመስለኛል» ቢባል ይበቃዋል።

ቋንቋ ይለወጣል፣ ለውጡንም በጽሑፍ ማገድ አይቻልም የሚለኝ ቢኖር እውነቱን ነው። ብዙ መርምሮ የደረሰበትን የሚናገር ሰው «አስባለሁ» ቢል አልከራከረውም። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ይመስለኛል» የሚል ሰው፣ ነገሩ እኔ ካለሁበት እንዲህ ታየኝ፣ አንተ ካለህበት ሌላ ሊመስልህ ይችላል ማለቱ ነው። ለባላጋራው ወንበር ይተውለታል። እኛ ተማሪዎች በየምሽቱ የምንከራከር ሰዎች ይህን ወንበር ከቤታችን ብናወጣ የምንጎዳው ራሳችን ነን።

ስለዚህ ጓደኞቼን የምለምነው ሦስት ነገር ነው። «ሚቲንክስ»ን ስታነቡ «ይመስለኛል» ብላችሁ አንብቡት። በፈተና ወረቀታችሁ ላይ ግን አትጻፉት፤ ዛሬ ለቀልድ ካልሆነ የሚናገረው የለምና። ከሁሉ በላይ፣ የእንግሊዝኛውን ምስጢር የከፈተችውን የአማርኛ ቁልፍ አትጣሉ። ያቺ እኅታችንም ከእንግዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ብትመልስ ተገቢ ነው።

ለእኔ እንዲህ ይመስለኛል። ሌላ የሚመስለው ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።