«ገመዱን ስሰካ ቤቱ ይታመሳል»

አንዲት የሽሮ ሜዳ አንባቢያችን ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፋልናለች። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የምትኖረው ተከራይታ፣ ከግቢው ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። ኢንተርኔቱን ከአከራይዋ ጋር በጋራ ይጠቀማሉ፤ የወሩን ሂሳብ ግማሽ እሷ ትከፍላለች። ዋይፋዩ ግድግዳውን አልፎ ስላልደረሳት ገመድ አስዘርግታ፣ የራሷን ራውተር ገዝታ ሰካች። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። እሷ ስትሰካ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ይቆማል። እትዬ «ብቻዋን ጨረሰችው!» ይላሉ። እሷም «ልጅዎ ሆን ብሎ እየቆረጠብኝ ነው» ብላ ፊት ለፊት ተናግራቸዋለች። አሁን «ቤቱን ልልቀቅ ወይ?» ትለናለች።

ኧረ ተይ እህቴ! ዕቃሽን ከመጫንሽ በፊት የራውተርሽን ጀርባ እዪው። ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይለያል፤ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» የሚል ተጽፎበታል። ከሳሎን የመጣው ገመድ መግባት ያለበት እዚያ ነው። አንቺ ግን «ላን» ከሚሉት ባንዱ የሰካሽው ይመስለናል። እንደዚያ ከሆነ በአንድ ግቢ ሁለት አዛዥ አቆምሽ ማለት ነው። ለየስልኩና ለየቴሌቪዥኑ አድራሻ የሚያድለው የእትዬ ሳጥን ነበር፤ አሁን ያንቺም «እኔም ላድል» ብሎ ተነሳ። ቴሌቪዥኑ ካንቺ ሳጥን አድራሻ ሲቀበል መውጫው ይጠፋዋል። ያንቺም ላፕቶፕ እንዲሁ። ስለዚህ ገመዱን ነቅለሽ ወደ «ዋን» አዙሪው። ሁለቱም ሳጥኖች 192.168.1.1 የሚባለውን አድራሻ ይዘው ከሆነ ያንቺን ወደ 192.168.2.1 ቀይሪው።

አሁንም ከተቆራረጠ ገመዱን ጠርጥሪ። ሻጩ «ካት 7 ካልገዛሽ» ቢልሽ ግን እንዳትሰሚው! ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ የናንተ ጥቅል ደግሞ ራስሽ እንደጻፍሽው 10 ነው። ይልቅ ጫፎቹን ወደ ብርሃን አድርገሽ ተመልከቺ። 8ቱ ቀጫጭን ሽቦዎች በሁለቱም በኩል በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መግባት አለባቸው፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ጠበብ ያለችው ቀዳዳ የስልክ ናት፤ አትነካኪያት። ገመዱ በግቢው ላይ አየር ላይ የሚያልፍ ከሆነም ክረምት ላይ መብረቅ ከመምጣቱ በፊት ከሁለቱም በኩል ንቀይው።

ቤት መልቀቁን ለጊዜው ተዪው። ቴሌቪዥኑ የሠራ ዕለት ግን እትዬ ጋ ግቢና ልጃቸው እንዳልቆረጠብሽ ራስሽ ንገሪያቸው። ልጁም ባለበት ይሁን።