የንግድ መኪናና የወርቅ ቁጠባ፦ በኢምሬትስ የመድን ወረቀት የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

እ.ኤ.አ ኤፕሪል 16 ቀን 2024 (ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም) በተባበሩት አረብ ኢምሬትስ የጣለው ዝናብ የአየር ሁኔታ መረጃ መሰብሰብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ያልታየ ነበር። የሀገሪቱ ብሔራዊ የሜትሮሎጂ ማዕከል እንዳስታወቀው በአል ዐይን አካባቢ ኸትም አል ሸክላ በተባለው ስፍራ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዷል። የዱባይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ቀን ያስተናገደው ዝናብ በአማካይ በዓመት ከሚያገኘው በላይ ነበር። በዱባይና በሻርጃ መኪኖች በየአውራ ጎዳናውና በየምድር ቤቱ ማቆሚያ ውሃ ውስጥ ቀሩ።

ውሃው ሲጎድል ሌላ ጥያቄ ተከተለ። በአንድ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን ቆመው ከሰጠሙ ሁለት መኪኖች የአንደኛው ባለቤት ካሳ የመጠየቅ መብት ሲኖረው የሌላኛው ባለቤት ምንም አልነበረውም። ልዩነቱን የፈጠረው የመኪናው ዓይነትም ሆነ የአሽከርካሪው ጥንቃቄ አይደለም። ከወራት በፊት ሙልኪያ ለማሳደስ ሲባል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተመረጠው የመድን ዓይነት ነው። መኪናው የቤተሰብ ማመላለሻ ለሆነ ሰው ጉዳቱ ከባድ ነው። መኪናው ራሱ ሥራው ለሆነ ሰው ግን፣ ማለትም በቫን ዕቃ ለሚያደርስ፣ ለምግብ ቤቱ ግብዓት ለሚያመላልስ ወይም በፒክአፕ የጥገና መሣሪያ ይዞ ለሚዞር፣ የዚያ ዕለት ኪሳራ የዓመታት ድካም ነው።

«ሦስተኛ ወገን» የሚለው ስያሜ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በሀገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ግዴታ ተጥሏል፤ በኢምሬትስም ያለ መድን ሙልኪያ አይታደስም። ችግሩ ቃሉ ከመለመዱ የተነሳ ትርጉሙ መዘንጋቱ ነው። ሦስተኛ ወገን ማለት በመኪናው ምክንያት የተጎዳ ሌላ ሰው ወይም የሌላ ሰው ንብረት ማለት ነው። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኢምሬትስ ወጥ የተሽከርካሪ መድን ውል መሠረት ለአካል ጉዳትና ለሞት ኩባንያው ፍርድ ቤት የወሰነውን ይከፍላል፤ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ይሸፍናል። ይህ ቀላል ጥበቃ አይደለም። አንድ የቫን ባለቤት ስህተት ሠርቶ ውድ መኪና ቢገጭ ዕድሜ ልክ ከሚከተል ዕዳ ያድነዋል። ለራሱ ቫን ግን አንዲት ድርሃም አይከፍልም፤ ቢገጭም፣ ቢቃጠልም፣ ቢሰረቅም፣ ጎርፍ ቢወስደውም።

የራስን መኪና የሚሸፍነው ሁለተኛው ዓይነት፣ በተለምዶ «ሙሉ ሽፋን» የሚባለው ነው። «ሙሉ» የሚለው ቃል ግን ከሚገባው በላይ ተስፋ ይሰጣል። ወጡ ውል «የተፈጥሮ አደጋ» የሚለውን ሲተረጉም እንደ ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ ያለ፣ ሰፊ ጉዳት ያደረሰና ሥልጣን ያለው የመንግሥት አካል ውሳኔ ያወጣበት ክስተት መሆኑን ይገልጻል፤ እንዲህ ዓይነቱን አደጋም ከሽፋን ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ ተራ ጎርፍ በሽፋን ውስጥ ሊገባ፣ በይፋ የታወጀ አደጋ ግን ሊወጣ ይችላል። ብዙ ኩባንያዎች ይህን ክፍተት የሚዘጋ ተጨማሪ ሽፋን ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹም በዋናው ውል ውስጥ ያካትቱታል። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው «ሙሉ ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ጎርፍና የተፈጥሮ አደጋ በየትኛው አንቀጽ ላይ ተጽፏል?» ብሎ ነው። መልሱም በወረቀት መታየት አለበት። የሻጩ ቃል በካሳ ጊዜ አይቆጠርም።

ሽፋኑ ቢኖርም ካሳውን የሚያበላሹ ድርጊቶች አሉ። በውሃ ውስጥ የቆመን ሞተር ለማስነሳት መሞከር ውሃውን ወደ ሞተሩ ውስጥ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚደርሰውን ጉዳት ኩባንያው «አሽከርካሪው ያደረሰው ነው» ሊል ይችላል። ጎርፍ ወደሚፈስበት ዋዲ መኪና መንዳት ደግሞ ከ2023 ጀምሮ 2 ሺህ ድርሃም፣ 23 ጥቁር ነጥብና የ60 ቀን የመኪና እገዳ የሚያስከትል ጥፋት ነው።

ለንግድ መኪናዎች ትልቁ ወጥመድ ያለው ግን በዝናቡ ላይ አይደለም። ያለው በማመልከቻ ቅጹ ላይ «የአገልግሎት ዓይነት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ነው። የግል አገልግሎት ተብሎ የተመዘገበ መኪና አረቦኑ ስለሚቀንስ፣ በቀን የምግብ ቤት ዕቃ እያመላለሰ በሰነድ ላይ ግን የቤተሰብ መኪና ሆኖ መቆየቱ ያልተለመደ ነገር አይደለም። በግል መኪና ሰው እየጫኑ ሒሳብ መቀበልም እንዲሁ። አደጋ ሲደርስ መርማሪው በመኪናው ውስጥ የተገኘውን ዕቃና የተሳፋሪዎቹን ቃል ይመዘግባል። ወጡ ውል መኪናው ከተገለጸው ዓላማ ውጭ ሲሠራ ወይም ከተፈቀደው በላይ ሰው ጭኖ ሲገኝ ኩባንያው ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከባለመኪናው መልሶ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። እዚህ ላይ የሚያስፈራው የካሳ መቅረት ብቻ አይደለም። ሰውየው መድን አለኝ ብሎ ተቀምጦ የሞት ወይም የአካል ጉዳት ካሳ በስሙ ሊመጣበት ይችላል። በአረቦን የተረፈው ጥቂት መቶ ድርሃም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቁጠባ ሊባል አይችልም።

የአሽከርካሪው ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቫኑ በድርጅት ስም ከተመዘገበና ሁለትና ሦስት ሠራተኞች የሚነዱት ከሆነ፣ ውሉ ስለ ዕድሜና ስለ መንጃ ፈቃድ ቆይታ የሚያስቀምጠው ገደብ ለሁሉም መፈተሽ አለበት። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ ሲነዳ ባለቤቱ ከራሱ የሚከፍለው ድርሻ ከፍ ሊል ይችላል። ወደ ኦማን ለሚሻገር መኪና ደግሞ ሽፋኑ ከድንበሩ ማዶ እንዲዘልቅ አስቀድሞ ማስጨመር ያስፈልጋል።

በቫኑ ውስጥ የተጫነው ዕቃ ሌላ ጉዳይ ነው። የመኪና መድን መኪናውን እንጂ ጭነቱን አይሸፍንም። ከሀገር ቤት የመጣ በርበሬና ቡና፣ የደንበኛ አደራ ዕቃ ወይም የጥገና መሣሪያ ከመኪናው ጋር ቢቃጠል ለእነርሱ የሚከፍለው «በጉዞ ላይ ያለ ዕቃ» መድን የሚባለው የተለየ ውል ነው። የሌላ ሰው ዕቃ በክፍያ የሚያደርስ ሰው ያለዚህ ውል መሥራቱ አስተዋይነት አይመስልም፤ የዕቃው ባለቤት የሚጠይቀው እርሱን ነውና። የራሱን ሸቀጥ ብቻ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚያመላልስ ግን ሒሳቡን ሠርቶ ቢተወው አይፈረድበትም።

የዋጋ ጉዳይም አለ። መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲወድም ወይም የጥገናው ወጪ ከዋጋው ግማሽ ሲበልጥ ካሳው የሚሰላው ውሉ በተፈረመበት ጊዜ ከተስማሙበት ዋጋ ተነስቶ ነው፤ ከዚያም ላይ በዓመት 20 በመቶ የእርጅና ቅናሽ እንደ ጊዜው ተሰልቶ ይነሳል። አረቦን ለመቀነስ ብሎ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ ሰው በካሳው ቀን ያንኑ ዝቅ ያለ ዋጋ ያገኛል። መኪናው ጋራዥ በሚቆይባቸው ሳምንታት የሚቀረው ገቢ ደግሞ በተለመደው ውል አይከፈልም። ምትክ መኪና የሚሰጥ ተጨማሪ ሽፋን ለቤተሰብ መኪና ቅንጦት ቢመስልም፣ ለአንድ ቫን ባለቤት ከብዙ ሌሎች ተጨማሪዎች ይልቅ ዋጋ ያለው ይህ ነው። ነገር ግን የሚሰጠው ምትክ ትንሽ የቤት መኪና ከሆነ ለጭነት አይረዳም፤ ይህንንም መጠየቅ ይገባል።

ከመኪናው ወደ ቤት ሲገባ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። በኢምሬትስ የሚኖር ሠራተኛ የጤና መድን አለው፤ በግሉ ዘርፍ የተቀጠረው ደግሞ ከ2023 ጀምሮ የሥራ ማጣት መድን እንዲገባ ይገደዳል፤ ይህ ግን የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። ከእነዚህ አንዱም የተሰረቀ ወርቅ አይተካም። የአከራዩ የሕንፃ መድንም ግድግዳውንና ጣሪያውን እንጂ የተከራዩን ዕቃ አይመለከትም። ለዚህ ያለው የቤት ዕቃ መድን ነው።

ሁሉም ሰው ይግዛው ማለት ግን አይቻልም። በቤድ ስፔስ የሚኖር፣ ስልክና ልብስ ብቻ ያለው ሰው አረቦኑንና በየጉዳቱ ከራሱ የሚሸፍነውን ድርሻ ሲደምር ትርፉ ጥቂት ነው። በተጨማሪም ብዙ ውሎች ለስርቆት ካሳ የሚከፍሉት በር ወይም መስኮት ተሰብሮ መገባቱ ሲረጋገጥ ነው፤ ብዙ ሰው በጋራ በሚኖርበት ክፍል ይህን ማሳየት አስቸጋሪ ነው። በአሠሪ ቤት ለሚኖሩ የቤት ሠራተኞች ደግሞ አንዳንድ የቤት ዕቃ መድኖች የሠራተኛዋን ንብረትም በተወሰነ መጠን ያካትታሉ፤ አሠሪው መድን ካለው መጠየቁ አይከፋም።

ጉዳዩ የሚከብደው ወርቅ ሲኖር ነው። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ ሴቶች፣ ቁጠባቸውን በወርቅ ይይዛሉ። በቤት ዕቃ መድን ውስጥ ግን ለአንድ ዕቃ የሚከፈለው ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሐብል ወይም አምባር በስም፣ በክብደትና በዋጋ ተዘርዝሮ ካልተመዘገበ ካሳው ጣሪያው ላይ ይቆማል። ሁለተኛው አደጋ የዋጋው መናር ነው። በኤፕሪል 2024 አንድ አውንስ ወርቅ በዓለም ገበያ ከ2 ሺህ 300 እስከ 2 ሺህ 400 ዶላር ገደማ ነበር፤ በኦክቶበር 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ 4 ሺህ ዶላርን ተሻገረ። በዚያን ጊዜ በተመዘገበ ዋጋ እስካሁን የቀጠለ ውል ንብረቱን በከፊል ብቻ ነው የሚሸፍነው።

የዚህ ውጤት ብዙዎችን ያስገርማል። 60 ሺህ ድርሃም የሚያወጣ ንብረት በ30 ሺህ ድርሃም ተመዝግቦ የ10 ሺህ ድርሃሙ ቢሰረቅ፣ ኩባንያው 10 ሺህ ላይከፍል ይችላል። ንብረቱ የተመዘገበው በግማሽ ዋጋው ስለሆነ ከጉዳቱም ግማሹን፣ 5 ሺህ ድርሃም ብቻ፣ የሚከፍልበት አሠራር በብዙ የንብረት መድን ውሎች ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ የወርቅ ባለቤት ውሉን በየዓመቱ ከማደሱ በፊት ዋጋውን ማስተካከል፣ የግዢ ደረሰኙንም ፎቶ አንስቶ ከቤት ውጭ በሆነ ቦታ ማስቀመጥ ይኖርበታል። በመኪና ውስጥ የተረሳ ወርቅ ወይም ላፕቶፕ በመኪናው መድን አይካተትም፤ ቢካተትም መጠኑ ትንሽ ነው።

ግዢውን በተመለከተ በቅርቡ የመጣ ጠቃሚ ለውጥ አለ። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በኢምሬትስ ማዕከላዊ ባንክ ደንብ መሠረት የመድን ደላሎች የመኪናና የንብረት መድን አረቦንን በራሳቸው ሒሳብ መቀበል አይችሉም፤ ገዢው በቀጥታ ለኩባንያው ይከፍላል። በዋትስአፕ ርካሽ መድን አለ ብሎ ገንዘቡን በግል ሒሳቡ እንዲላክለት የሚጠይቅ ሰው ከዚህ በኋላ አጠራጣሪ ነው።

አደጋ ሲደርስ የፖሊስ ሪፖርት የሁሉም ነገር መነሻ ነው፤ ያለ እርሱ ጋራዥም አይጠግንም። ከኤፕሪሉ ዝናብ በኋላ የዱባይና የሻርጃ ፖሊስ መኪናቸው ለተጎዳባቸው ሰዎች የጉዳት ማረጋገጫ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሰጥተዋል። ኩባንያው የካሳ ጥያቄውን ውድቅ ካደረገ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለጉዳዩ በምላሹ ካልረካም የባንክና የመድን ደንበኞችን ቅሬታ ለሚመለከተው «ሰነዳክ» ለተባለው ተቋም ማመልከት ይችላል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የመድን ውሉን፣ የፖሊሱን ሪፖርትና ያንኑ የእምቢታ ደብዳቤ ይዞ መቅረብ አለበት።