የማርቼዲሱ ሰዓት

ስለ አሮጌ መኪና የሚያወሩ ሰዎች ሞተሩን፣ ቀለሙን፣ ጎማውን ይዘረዝራሉ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ስላለው ሰዓት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ሰዓቱ ቢቆምም መኪናው ይሄዳልና። እኔ ግን፣ ምናልባት የባንክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ የቆመ ሰዓት ያልተዘጋ ሂሳብ ይመስለኛል።

ሩዋንዳ ከሚገኘው ግቢያችን ጥግ የምትቆመው የአባቴ ማርቼዲስ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1976 ከተመረቱት ባለ ናፍጣዎች አንዷ ናት። አባቴ ሰዓቷን በእኛው አቆጣጠር ሞልቶት ነበር። ገጹ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸውና ጀርመናዊው ሰዓት ያለ አንዳች ቅሬታ አማርኛ ተናገረ። ባንክ ስንከፍት ኮምፒውተሬ ስምንት ሲል፣ እርሱ ሁለት ይላል።

ባለፈው ክረምት መኪናዋ ሳትነሳ ከረመች፤ ሰዓቱም ቆመ። ለመካኒኩ ነገሩ ቀላል ነበር፦ «ሆድ ዕቃውን አውጥተን የግድግዳ ሰዓት ሞተር እንክተትበት፤ ከላይ ማን ያውቃል? ደግሞስ ስልክ አለህ አይደል?»

እኔ አውቃለሁ።

ይህን ሰዓት የሚያዞረው ሞላ ነው። ሞላው በየጥቂት ደቂቃው ሲላላ ሁለት የብረት ጫፎች ይነካካሉ፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሮማግኔቱ ቀጭ ብሎ መልሶ ያጠብቀዋል። ባትሪው ከደከመ ግን ማግኔቱ አቅም ያጣል፤ ጫፎቹ እንደተነካኩ ይቀራሉ፤ ጥቅል ሽቦው ይግላል። በዚህ ጊዜ ቶሎ እንዲቀልጥ ታስቦ የተበየደው ሊድ ቀልጦ መስመሩን ይቆርጣል። ሰዓቱ የቆመው ራሱን ለማዳን ነበር ማለት ነው። ይህን ሆድ ዕቃ አውጥቶ መጣል ፊውዝ ተቃጠለ ብሎ ቤት ማፍረስ አይደለምን?

አንድ አረጋዊ ሰዓት ሠሪ ጫፎቹን በስስ የብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ የደረቀውን ዘይት አጥበው፣ ቶሎ በሚቀልጥ ሊድ መልሰው በየዱት። «በጠንካራው ብበይደው፣ ልጄ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቃጠለው ሽቦው ነው» አሉኝ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ሰዓታቸው በስክሪን ላይ የሚበራ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቦሌን ሞልተዋታል። አልጠላቸውም። ሙግቴ አሮጌ መኪና እንጠብቃለን ከምንለው ጋር ነው፤ ገጹን አስቀርቶ ውስጡን መለወጥ ጥበቃ አይባልም። (ቤት እየመታ ልብ የማይመታ ግጥም ስንት አንብበናል!)

አሁን ባትሪው እንዳይደክም እሑድ እሑድ እስከ መገናኛ ደርሼ እመለሳለሁ። ሰዓቱ በሳምንት አራት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ከመነሳቴ በፊት በጣቴ አስተካክለዋለሁ፤ አባቴ ያደርግ እንደነበረው።