የሴቶች በዓልና የንግድ ቤት ፊርማ

በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 8 ሲደርስ፣ በዩኒቨርስቲዎችና በኮሌጆች ግቢ የሴቶች ቀን ይከበራል። ከበዓሉ አስቀድሞም አዘጋጆቹ የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤ ይዘው ወደ ንግድ ቤቶች ብቅ ማለታቸው የተለመደ ነው። ነጋዴውም እንደ ዐቅሙ ለመስተንግዶው የሚሆን ያዋጣል፤ በዕለቱም ስሙ ከአመስጋኞች አንደበት ይሰማል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የሚነቀፍበትም ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ ነጋዴው ለዚህ በዓል ሊያበረክት ከሚችለው ሁሉ የበለጠው ስጦታ ገንዘብ አይደለም።

በአዳራሹ የሚነገረው ታሪክ በእውነት የሚያኮራ ነው። በ1923 ዓ.ም. የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች መከፈቱ ይወሳል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በጠላት ወረራ ዘመን በአዚናራ ደሴት ታስረው፣ ከነጻነት በኋላ ያንኑ ትምህርት ቤት መርተው፣ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት መሆናቸው ይተረካል። ተማሪዎቹ ይህን ሰምተው ቢያጨበጭቡ ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚሁ አዳራሽ የንግድ ሴቶች ታሪክ እምብዛም አይነሣም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆቴል ያቋቋሙት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። በየከተማው ገበያም ወረቀትና እርሳስ ሳትይዝ የስንቱን ደንበኛ ዱቤ በቃሏ አስልታ የምትይዝ፣ ከዚያችው ከጉልቷ ልጆቿን አስተምራ ለኮሌጅ ያበቃች እናት ሞልታለች። በበዓሉ ቀን ከተማሪዎቹ መካከል ተቀምጣ የምታጨበጭበው የስንቷ ቸርቻሪ ልጅ ናት!

ግቢውና ገበያው ከሁሉ ይልቅ የሚገናኙበት ስፍራ በተለምዶ ኮሜርስ የሚባለው ትምህርት ቤት ነው። በ1935 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሥር ይገኛል። ባንኮችና ንግድ ቤቶች ጸሐፊዎቻቸውንና የሒሳብ ሠራተኞቻቸውን ከዚያ ሲያገኙ ኖረዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ተመራቂዋ ንግድ ቤት ከገባች በኋላ ምን ትሆናለች የሚለው ነው። ፕሮፎርማውን የምታዘጋጅ፣ በባንክ የኤል ሲውን ጉዳይ የምትከታተል፣ ትራንዚተሩን የምትወተውት፣ ዕዳውን በቀኑ የሚከፍለውንና የሚያጓትተውን ደንበኛ ለይታ የምታውቅ እርሷ ናት። ነገር ግን ውል የሚፈርም ወይም ቼክ የሚያንቀሳቅስ ሰው ባስፈለገ ጊዜ፣ ትናንት ከአገር ቤት የመጣው የባለቤቱ የወንድም ልጅ ይጠራል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በሌላው ቦታ እያረጀ ሲሄድ፣ በንግድ ቤት ግን ገና ማኅተም ይዞ ተቀምጧል።

ሕጉ ለዚህ ማመካኛ ሊሆን አይችልም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ባለትዳር የሆነ ሰው እንዳላገባ ሰው መነገድ እንዲችል ፈቅዶ ነበር፤ ሆኖም የዚያው ዓመት የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር። ይህም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ተሽሮ፣ ባልና ሚስት በቤተ ሰቡ አመራር እኩል መብት እንዳላቸው ተደነገገ። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክም አብዛኛው አክሲዮን በሴቶች እጅ ሆኖ ተቋቁሟል። ስለዚህ የቀረው የቤት ልማድ ብቻ ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች «አግብታ ትሄዳለች፤ የቤቱንም ምሥጢር ይዛ ትወጣለች» ይላሉ። ወንዱስ መች ይቀራል? ሥራውን ከለመደ በኋላ ወጥቶ ከአሠሪው ፊት ለፊት ሱቅ የሚከፍት ስንት አለ! የንግድ እምነት የሚለካው ቃልንና ቀጠሮን በመጠበቅ እንጂ በጾታ አይደለም። ደግሞም ልማዱ የሚጎዳው ሴቲቱን ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ድንገት ታሞ ቢተኛ፣ ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ ተቀምጦ የመጋዘን ኪራይ ይቆጠርበታል፤ ጉዳዩን ከሥሩ የምታውቀው ሠራተኛ የመፈረም ሥልጣን ስለሌላት እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ባለቤቱ ቢሞት ደግሞ፣ ዕድሜዋን በሱቁ ያሳለፈችው ሚስት የባለ ዕዳዎቹን ዝርዝር እንኳ አጥታ በየፍርድ ቤቱ ትንከራተታለች። ይህ በገበያችን የታየ ነገር ነው።

ስለዚህ ከነጋዴው የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከኮሜርስም ሆነ ከሌላ ኮሌጅ ለልምምድ የምትላከውን ተማሪ ሻይ ከማመላለስና ወረቀት ከማባዛት አውጥቶ ከሒሳብ መዝገቡ ፊት ማስቀመጥ፤ ባንክና ጉምሩክ ሲኬድም አብራ ሄዳ እንድታይ ማድረግ። ሁለተኛ፣ በታማኝነት ያገለገለችና ሥራውን የምታውቅ ሠራተኛ ብትኖር፣ የገንዘቡ ልክ ተወስኖ፣ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና መስጠት። ሦስተኛ፣ ከባልዋ ጋር ሱቁን ያቆመች ሚስት በማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ስሟ ከነድርሻዋ እንዲሰፍር ማድረግ። ኮሌጆቹም በበኩላቸው፣ ከነጋዴው መዋጮ ከመጠየቅ አልፈው፣ ንግድ አቋቁመው ያቆዩ እናቶችን ጠርተው በተማሪዎች ፊት እንዲናገሩ ቢያደርጉ ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።

የሚመጣው የካቲት 29 ሲቃረብ የአዘጋጆቹ ደብዳቤ እንደ ወትሮው ይደርሳል። ነጋዴው መዋጮውን ይስጥ፤ ቼኩን ከመፈረሙ በፊት ግን፣ እርሱ በሌለ ቀን በዚያ ቼክ ላይ ለመፈረም የተፈቀደላት ሴት በቤቱ መኖሯን ይመርምር።