ባቲ ላይ ባሕር ለመሥራት 7 ኩንታል ጨው አይበቃም

ባቲ ከባሕር የራቀች፣ ኑሮዋ ግን ከባሕር ጋር የተያያዘ ከተማ ናት። በሰኞ ገበያዋ ለዘመናት ሲሸጥ የኖረው ጨው ከአፋር በግመል ይመጣ ነበር። ያ ጨው የባሕር ቅሪት ነው። ዛሬ ደናክል የሚባለው ረባዳ ምድር ድሮ የቀይ ባሕር ክንድ ነበር፤ ከባሕሩ ሲቆረጥ ውኃው ተንኖ ጨው ቀረ። ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልትም በባቲ በኩል ይወርዳል። ከባቲና ከከሚሴ የወጡ ብዙ ወጣቶች ባሕርን መጀመሪያ ያዩት በዚሁ አቅጣጫ ወርደው፣ ከኦቦክ በሌሊት በጀልባ ተሻግረው ነው።

ከእነዚህ መካከል ጥሪት ይዞ የተመለሰ ሰው ቤት ሲሠራ፣ ሳሎኑ ውስጥ ትልልቅ ዓሦች የሚዋኙበት የጨው ውኃ ገንዳ ቢመኝ አይገርምም። ዱባይ ሞል ውስጥ 10 ሚሊዮን ሊትር ውኃ የያዘውን አኳሪየም ያየ ሰው ምኞቱ አብሮት ይመጣል። ስልኩ ላይም በየቀኑ የሀብታም ቤት አኳሪየም ይታያል።

እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲነሳ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ማን አገባው?» ይላል። ሌላው «ሕዝብ ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍበት አገር ለዓሣ መዋኛ መሥራት ነውር ነው» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ዋናውን ጥያቄ ግን ሁለቱም ይዘሉታል፦ ገንዳው ከተሠራ በኋላ ለ20 እና ለ30 ዓመት ማን ይይዘዋል? ትልቅ ዓሣ ዕድሜው ረጅም ነው። ያስገባው ሰው አደራ ገብቷል።

እስቲ ነገሩ በቁጥር ይታይ። 6 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ከ20 ስፋትና 1 ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ገንዳ ታሰበ እንበል። ወደ 20,000 ሊትር ይይዛል። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ማለት ነው።

መጀመሪያ ጨው። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ስለዚህ ለዚህ ገንዳ 7 ኩንታል ያስፈልጋል። ባቲ ላይ 7 ኩንታል ጨው መግዛት ቀላል ነው፤ ችግሩ የገበያ ጨው ብቻውን የባሕር ውኃ አይሆንም። ባሕር ውስጥ ከሟሟው ነገር 85 በመቶ ያህሉ የምግብ ጨው ነው። የቀረው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ባይካርቦኔት ነው። የውኃውን ጠባይ ከሚያረጋጋው አንዱ ይህ ትንሽ የሚመስለው ክፍል ነው። ጨው ሲመረት አብዛኛው ተለይቶ ይቀራል፤ በምትኩ ለሰው ጤና አዮዲን ይጨመርበታል። ስለዚህ ለዓሣ ተብሎ የተቀመመ ጨው ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ማስመጣት ግድ ይሆናል፤ ያውም በየጊዜው። በቦቴ ከጅቡቲ የባሕር ውኃ ማስጫንም ይታሰብ ይሆናል። ነገር ግን የወደብ ዳር ውኃ ዘይትና ቆሻሻ የተቀላቀለበት ነው፤ ንጹሕ ውኃ ለመቅዳት ራቅ ብሎ መግባት ይጠይቃል።

ቀጥሎ ውኃ። 20,000 ሊትር 1,000 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይድረሰው በሚለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ቢሰላ፣ አምስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ ወደ 9 ወር ያቆያል። እውነት ለመናገር ገንዳው የሚሞላው አንድ ጊዜ ነው፤ ቁጥሩን እንደ ስድብ መወርወር ተገቢ አይሆንም። ሊፈራ የሚገባው የየወሩ ወጪ ነው። ከውኃው ከ10 እስከ 20 በመቶው በየወሩ ይቀየራል፤ ከ100 እስከ 200 ጀሪካን ማለት ነው። የቧንቧና የጉድጓድ ውኃን ለዚህ የሚያጠራው ማሽን ደግሞ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለመስጠት ሁለትና ከዚያ በላይ ሊትር የሚደፋበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሚወጣው ውኃስ የት ይደፋል? በየወሩ ከ70 እስከ 140 ኪሎ ጨው ይዞ ነው የሚወጣው። ጓሮ ላይ ቢደፋ አትክልቱ ይደርቃል። ወደ ታች ቢለቀቅ የጎረቤት ማሽላ ሥር ይገባል። ጨው የጠጣ መሬት ደግሞ በቀላሉ አይድንም። ስለዚህ «ገንዘቡ የራሱ ነው» የሚለው ክርክር የግቢው አጥር ላይ ሲደርስ ያበቃል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ውኃው ብቻውን ከ20 ቶን በላይ ይመዝናል። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ1,500 ኪሎ በላይ ያርፋል። የመኖሪያ ቤት ሶሌታ በተለምዶ የሚሰላው በካሬ ሜትር ለ200 ኪሎ ገደማ ጭነት ነው። ስለዚህ ፎቅ ላይ ማሰቡ ይቅር፤ ምድር ቤት ሆኖ የራሱ መሠረት ሊኖረው ይገባል። ረጅሙ የመስታወት ግድግዳ ብቻውን ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ግፊት ይሸከማል። አካባቢው ደግሞ የስምጥ ሸለቆ አፋፍ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ የደረሰ ነው። ጀርመንም ብትሆን በዚህ አልቀናትም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በርሊን ሆቴል ውስጥ የነበረው አንድ ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ሊነጋጋ ሲል በድንገት ፈነዳ፤ 1,500 ከሚሆኑት ዓሦች አብዛኞቹ አለቁ። ሰው ያልሞተው ሰዓቱ ገና ሌሊት ስለነበር ነው። ባቲ ላይ ገንዳው ያለው ልጆች የሚተኙበት ቤት ውስጥ ነው።

አራተኛውና ከባዱ መብራት ነው። ባቲ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በስድስተኛ ያህል ስለሚያንስ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጨው ውኃ ደግሞ ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። የዚህ መጠን ገንዳ ውኃ በሰዓት ሦስት አራት ጊዜ በማጣሪያ እንዲያልፍ ከ60,000 እስከ 80,000 ሊትር በሰዓት የሚገፋ ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፑ ሲቆም ትልቁ ዓሣ ቀድሞ ይታፈናል። የዓሣውን ሽንት መርዝነት የሚያጠፉት በማጣሪያው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም አየር ሲያጡ ያልቃሉ።

«ጄኔሬተር አለ» ይባል ይሆናል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት ሲሄድ ራሱ የሚነሳ ነው ወይስ ዘበኛው ነቅቶ የሚያስነሳው? ነዳጅ በሚጠፋበት ሳምንትስ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ባቲ ሲደርስ አካባቢው ለሳምንታት ያለ መብራት ቆይቷል፤ ሰው ነፍሱን ይዞ ሸሽቷል። በእንደዚያ ያለ ጊዜ ማንም ስለ ዓሣ አይጠየቅም። ከዚያ ወዲህ ለሚሠራ ቤት ግን «እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም» ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ የተመኙት ዓሣ ላይገባ ይችላል። የቀይ ባሕሩ ናፖሊዮን ከ2 ሜትር በላይ ያድጋል፤ 30 ዓመት ያህል ይኖራል፤ ዓለም አቀፍ ንግዱም ቁጥጥር አለበት። ጥቁር ጫፍ ክንፍ ያለው ሻርክ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ለመተንፈስ ያለማቋረጥ መዋኘት አለበት። 2 ሜትር ከ20 ስፋት ለእሱ ኮሪደር ነው፤ ሲዞር አፍንጫው ግድግዳ ይመታል። ሲገዛ እጅ መዳፍ ላይ የሚያድረው ዓሣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤት ጠበበኝ ይላል። ያኔ የሚቀበለው የለም፤ በአቅራቢያው የሕዝብ አኳሪየም የለም፤ ሐይቅ ውስጥ ቢጣልም ይሞታል።

ባለቤቱ ራሱስ? ብዙ ጊዜ ቤቱን ሠርቶ ተመልሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ቁልፉ ለእናት፣ ለወንድም ወይም ለዘበኛ ይቀራል። በየሳምንቱ ጨው የሚለካው፣ አሞኒያ የሚመረምረው፣ ዓሣ የሚያበላው ያ ሰው ነው። ደመወዙና ሥልጠናው በዕቅዱ ውስጥ ከሌለ፣ ዕቅዱ የመስታወት ዋጋ ዝርዝር ነው እንጂ የአኳሪየም ዕቅድ አይባልም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን ነው።

ስለዚህ ትልቅ ዓሣ ለሚወድ ሰው የተሻለው ምክር ከጨው መራቅ ነው። ከባቲ ብዙም በማይርቁት በሐይቅና በሐርዲቦ ውኃዎች ቆሮሶና አምባዛ አሉ። አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ፣ ጢማም፣ ግርማ ያለው ዓሣ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይስባል፤ መብራት የጠፋበትን ሌሊት ከባሕር ዓሣ በተሻለ ያልፈዋል። ጨው አይፈልግም። ከገንዳው የሚወጣው ውኃ ለጓሮው ማዳበሪያ ይሆናል። ገንዳውን የጣሪያ ዝናብ በሚያጠራቅም ማጠራቀሚያ መሙላት ይቻላል። ቀለሙ እንደ ባሕር ዓሣ አያብረቀርቅም፤ እውነት ነው። ነገር ግን እዚህ አገር መኖር የሚችል ዓሣ ነው።

የጨው ውኃው ምኞት አልቀር ካለ ደግሞ ብቻን ከመሸከም ተጋርቶ፣ አነስ አድርጎ፣ ባለሙያና አስተማማኝ መብራት ባለበት ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማቆም ይሻላል። ትልልቆቹ ይቅሩና ትንንሾቹ የባሕር ዓሦች ይግቡበት። ስለ ባሕር በር ብዙ ይወራል፤ ስለ ባሕሩ ግን የባቲ ተማሪ ብዙም የሚያየው የለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ብቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደጫኑ ጅቡቲ አጠገብ ሰጥመው ብዙዎች አልቀዋል። ባሕርን መጀመሪያ በክፍል ውስጥ፣ በመምህር ፊት፣ በቀን ብርሃን ያየ ልጅ ቢያንስ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ያውቃል።

አንድ ሀብታም ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ማስገባት ይችላል። ከመቆፈሩ በፊት ግን ወረቀት ላይ አንድ ስም ይጻፍ፦ ባለቤቱ በሌለበት፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት ተነስቶ የሚሮጠው ሰው ስም። ያ ስም ካልተገኘ ገንዳው አይቆፈር።