መሃሉ ላይ ምን አለ?

በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ «የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሥላችሁ ቀለም ቀቡ» የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ቅዳሜ ከሰዓት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሳሎናችን ውስጥ አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ቀዩን ቀብታ ጨረሰችና እርሳሷን እየነከሰች ቆመች።

«እማዬ፣ መሃሉ ላይ ኮከብ አለው ወይስ የለውም?»

እናቴ ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል «የምን ኮከብ?» አለች። ባለቤቴ ደግሞ ከስልኩ ቀና ሳይል «ሣይው፣ አለዚያ ማርክ ትቀነሻለሽ» አለ።

ባለቤቴ ሕጉን ይዟል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 መሃሉ ላይ ብሔራዊ ዓርማ እንዳለ ይናገራል፤ ዓርማው ብሔር ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ እንደሚያንጸባርቅም ይጠቅሳል። በ2001 የወጣው አዋጅ ደግሞ ዓርማ የሌለውን መጠቀም ከለከለ። ስለዚህ ለትምህርት ቤት የሚሣለው ባለ ኮከቡ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ጥምቀትና ዓድዋ ሲደርሱ ነው። ለልጅ ቀሚስ ጥለት ስንመርጥ፣ የራስ ማሰሪያ ስንገዛ «ፍተሻ ላይ ይነጥቁን ይሆን?» ብለን የምናስብ ወላጆች ብዙ ነን።

እናቴን ግን በአንቀጽ ማሳመን አይቻልም። ሳጥኗ ውስጥ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ፣ ቢጫው ወደ ነጭ የሄደ ባንዲራ አላት። በ1969 ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ያልተመለሰው ወንድሟ የሄደ ቀን ይዛው የሸኘችው ነው። መቃብሩ የት እንደሆነ አታውቅም፤ ያላት ያ ጨርቅ ብቻ ነው። ኮከብ የሌለውን መውደዷን አንዳንዱ ፖለቲካ ያደርግባታል፤ ሌላው «የድሮ ሥርዓት ናፋቂ» ይላታል። እሷ ግን ወንድሟን ነው የምታየው። በዚያ ላይ ታቦት ሲወጣ ያየችው፣ የዓድዋ በዓል ላይ ያየችው፣ ሯጮቻችን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሲዞሩ ያየችው እነዚህኑ ሦስት ቀለሞች ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ቀለሞቿን ከእኛ እንደወሰደች ስነግራት «አየሽ!» ብላኝ ነበር፣ ራሷ የሰጠቻቸው ይመስል። (በነገራችን ላይ «ባንዲራ» የመጣው ከጣልያንኛ ነው። ጣልያንን ያሸነፍንበትን ነገር በጣልያን ቃል መጥራታችን ሁልጊዜ ያስቀኛል።)

እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእናቴ ጎን ነበርኩ። ልሙጡ ባንዲራ የሁሉም ነው፣ ኮከቡ ግን የአንድ መንግሥት ሐሳብ ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን እምነቴን ያናጉት ከላያችን የሚኖሩት እትዬ ናቸው።

እትዬ ለእናቴ የቡና ጓደኛዋ ናቸው። የተወለዱት እዚሁ ላፍቶ አካባቢ ነው፤ ያኔ ገብስና ጤፍ የሚዘራበት ገጠር ነበር። አባታቸው ኦሮሞ ገባር ነበሩ። የዚያን ቅዳሜ ለቡና ሲወርዱ ልጄ ሥዕሏን አሳየቻቸው። እናቴ ኮከቡን እያማረረች ነበር።

«እኔ የወንድምሽን ባንዲራ አልጠላም» አሏት እትዬ። «አባቴን ያስገበሩት ግን እሱን ሰቅለው ነው። ፍርድ ቤት ሲጠሩት አስተርጓሚ ይዞ ነበር የሚሄደው፣ በገዛ አገሩ። እኔም ትምህርት ቤት ስገባ በቋንቋዬ ስናገር ይሳቅብኝ ነበር። ኮከቡ ሲመጣ ‹እናንተም አላችሁበት› የተባልን መሰለኝ።»

እናቴ ዝም አለች። እኔ ግን አንድ ነገር አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳቸው፦ የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ አባትዎ የሚያርሱትን መሬት ያገኙትስ በየትኛው ባንዲራ ነው?

ሳቁ። «በዚያው ነው! አንበሳውን ደርግ አነሣው እንጂ ቀለሙ ያው ነው። አባቴ ያን ቀን ሲጨፍር አይቼዋለሁ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «የኔ ልጅ ግን ኮከቡንም አይወደው» አሉ። ልጃቸው በ2008ቱ ተቃውሞ ጊዜ ታስሮ ነበር። ለእሱ ባለ ኮከቡ የታሰረበት ጣቢያ በር ላይ ሲውለበለብ ያየው ነው። የሚወደው ጥቁር፣ ቀይና ነጩን፣ ኦዳ ያለበትን የኦሮሚያን ነው።

እንግዲህ አንድ ሕንፃ ላይ፣ በሁለት ፎቅ ውስጥ፣ ይኸው። አንበሳውን እንኳ አልጨመርንም፤ ዋሽንግተን ያለው አጎቴ ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለው ባለ አንበሳውን ነው፤ የሻሸመኔ ራስ ተፈሪያን ደግሞ እንደ ቅዱስ ነገር ያዩታል። ባለ ኮከቡ ለአንዲት የመቀሌ እናት ከጦርነቱ ወዲህ ምን እንደሚመስላት እኔ ልናገርላት አልችልም።

ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ነበርኩ። ልሙጡም፣ ባለ ኮከቡም፣ የኦነግም በአንድ ሰልፍ ተውለብልበው አይቻለሁ፤ ቦምብ ቢወረወርም የሰዉን ተስፋ አልረሳውም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጳጉሜ 4 የግንቦት 7 አመራሮች በልሙጡ፣ መስከረም 5 ቀን 2011 የኦነግ አመራሮች በራሳቸው ባንዲራ አቀባበል ሲደረግላቸው፣ በመሃሉ ባሉት ቀናት ወጣቶች የአስፋልት ጠርዝና ምሰሶ በምን ቀለም ይቀባ ብለው በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ተደባደቡ። ከዚያ ቡራዩ መጣ፤ ሰው ሞተ፣ ቤተሰብ ተፈናቀለ። በ2015 ደግሞ ጣጣው ትምህርት ቤት ገባ። የኦሮሚያ ባንዲራና መዝሙር በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ባስነሣው ግጭት ስንቶቻችን ከሥራ ሮጠን ልጆቻችንን እንዳወጣን ታስታውሳላችሁ። ልጄ ያኔ ኬጂ ነበረች። «ለምን በጊዜ መጣሽ?» ስትለኝ «ናፍቀሽኝ» ብዬ ዋሸኋት።

ዘንድሮ መዋሸት አልፈለግሁም። ኮከቡን እንድትሥል ነገርኳት፤ ሕጉ እሱ ነው፣ መምህርቷም የምትጠብቀው እሱን ነው። ቀጥዬ የአያቷን ሳጥን አስከፈትኩና ጨርቁን አሳየኋት፣ ለማን እንደሆነም ነገርኳት። የእትዬ አባት ፍርድ ቤት በአስተርጓሚ ይቆሙ እንደነበርም ነገርኳት። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ምን ያህሉ እንደገባት እንጃ። እናቴ በበኩሏ አልተዋጠላትም። እትዬን በረካውን ቀድታ ስትሰጣቸው እንኳ «ቢሆንም…» ብላ ጀምራ ተወችው። እሳቸውም «ቢሆንም» አሉ፣ ሲኒውን እየተቀበሉ።

ማክሰኞ ሥዕሉ ከአሥር አሥር ተጽፎበት ተመለሰ። ልጄ ግን ስለ ማርኩ አላወራችም። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ከሰንደቅ ዓላማው ጎን ዛፍ ያለበት ሌላ ባንዲራ ሥሎ መምህርቷ «ይሄ የቤት ሥራው አይደለም» እንዳለችው ነገረችኝ።

«ዛፉ ምንድን ነው እማዬ?»

ኦዳ መሆኑን፣ የገዳ ሸንጎ የሚቀመጥበት ዛፍ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን እኔ ባስረዳት አያምርም። እሑድ ለቡና ሲወርዱ እትዬን ትጠይቃለች። እናቴም ትሰማለች፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች።